ታናሽየዋ አፏን ለመፍታት ስትዘገይ



ዛሬ የምናገረው ለጎረቤት ስለማይነገር ጭንቀት ነው። በአንድ ቤት ኦቲዝም ያለበት ወንድ ልጅ አለ። ከእሱ በታች የተወለደችው ሕፃን ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷታል፤ አፏን ግን አልፈታችም። እናት ትንሿን ባየች ቁጥር የትልቁ ልጇ ሁለተኛ ዓመት ትዝ ይላታል። በዙሪያዋ ያለው ሰው የሚሰጣት መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ምን ያስጨንቅሻል፤ አባቷም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው» ይላታል። ሌላው ደግሞ እሷ ዘወር ስትል «እዚህ ቤትስ አንድ ነገር አለ» ይላል። እኔ የምሟገተው ሁለቱም መልሶች ልጅቷን ይጎዷታል ብዬ ነው። የእናትየዋ ጭንቀት መሠረት አለውና ማንም «ተይው» ሊላት አይገባም። ይሁንና ከዚህ ጭንቀት ቀጥሎ መምጣት ያለበት ምርመራና የቤት ውስጥ ሥራ ነው፤ ያ ሥራ ደግሞ የችግሩ ስም እስኪታወቅ ድረስ መቆየት የለበትም። በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጭንቀቱ መሠረት አለው ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ታናናሾች ከጨቅላነታቸው እስከ ሦስት ዓመታቸው እየተከታተሉ የሚያጠኑ፣ አብዛኞቹ በሰሜን አሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አሉ። በ2011 ባወጡት ውጤት ከ100 ታናናሾች ወደ 19 የሚጠጉት በሦስት ዓመታቸው ኦቲዝም ተገኝቶባቸው ነበር። በ2024 ከ1,600 በላይ በሚሆኑ ሌሎች ሕፃናት ላይ ጥናቱን ሲደግሙት ቁጥሩ 20.2 በመቶ ሆነ፤ ማለትም ከአምስት አንድ። ለወንዶች 25 በመቶ፣ ለሴቶች 13 በመቶ ገደማ ነው። በቤቱ ቀድሞውኑ ኦቲዝም ያለባቸው ሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች ካሉ ደግሞ ወደ 37 በመቶ ያድጋል። በዓለም ላይ በጠቅላላው ከ100 ሕፃናት አንዱ ገደማ ኦቲዝም እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ሲገልጽ መቆየቱን ስናስታውስ፣ ልዩነቱ ከባድ መሆኑ ግልጽ ነው። እናትየዋ የፈራችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ያው ቁጥር ግን በሌላ በኩልም መነበብ አለበት። ከአምስቱ አራቱ ኦቲዝም የለባቸውም። እነዚህ አራቱም ያለ አንዳች እክል ያድጋሉ ማለት አይደለም፤ ኦቲዝም ካልተገኘባቸው ታናናሾች ከአሥሩ ሦስት ያህሉ በንግግር ወይም ከሰው ጋር በመግባባት ዘገም የሚሉ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ የዚህች ሕፃን ዝምታ ከሦስት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ኦቲዝም፣ ኦቲዝም ያልሆነ ነገር ግን እገዛ የሚሻ መዘግየት፣ ወይም በራሱ ጊዜ የሚስተካከል መዘግየት። ሦስተኛው ብርቅ አይደለም። ወንድም እኅቶቻቸው ምንም እክል በሌለባቸው ቤቶችም ቢሆን ከ100 የሁለት ዓመት ሕፃናት ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ንግግር ይዘገይባቸዋል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እስከ አራት ዓመታቸው ድረስ እኩዮቻቸውን ይደርሳሉ። «አባቷም ዘግይቶ ነው የተናገረው» የሚለው ጎረቤት የሚናገረው ከዚህ ልምድ ተነሥቶ ነው፤ በሌላ ቤት ቢሆን ብዙ ጊዜ ትክክል ይሆን ነበር። ስሕተቱ በአንድ ቤት የሚሠራውን ግምት ወደ ሌላው ቤት ማዛወሩ ነው። ኦቲዝም ያለበት ታላቅ ባለበት ቤት አንድ ዓይነት ዝምታ የሚመዝነው ክብደት የተለየ ነው፤ «እስኪ ትንሽ እንጠብቅ» ለማለት የሚያስችለው ጊዜም ያጥራል።

ታዲያ ምን እንመልከት? አብዛኛው ሰው ቃላት ይቆጥራል፤ ስንት ቃል አወጣች፣ «እማ» አለች ወይስ አላለችም ይላል። የቃላት ቁጥር ብቻውን ግን ደካማ ምልክት ነው። ከንግግር በፊት የሚመጣ ሌላ መግባባት አለ፤ እሱን ማየት ይበልጣል። ሕፃን በአንደኛ ዓመቷ አካባቢ በስሟ ስትጠራ ዘወር ማለት አለባት፤ እጇን ማወዛወዝ፣ እንዲያነሷት እጇን መዘርጋት ትጀምራለች። ቀጥሎ የሚመጣው ማመልከት ነው፤ ያውም ሁለት ዓይነት ማመልከት። አንደኛው የምትፈልገውን እንድንሰጣት ነው። ሁለተኛው ምንም ሳትፈልግ፣ ያየችውን እኛም እንድናይላት ብቻ ነው፤ በበሩ የሚያልፍ ጭነት የተጫነ አህያ ስታይ በጣቷ አመልክታ ወዲያው የእናቷን ፊት መለስ ብላ ታያለች። ይህ ሁለተኛው ማመልከት ሕፃኗ የሌላውን ሰው ልብ እንደምታስብ ያሳያል፤ አለመኖሩም ከቃላት አለመኖር በላይ ያሳስባል። በ16 ወር አንድ ነጠላ ቃል፣ በ24 ወር ደግሞ «ውኃ ስጪኝ»ን የመሰለ የራሷ የሆነ ሁለት ቃል ካልመጣ፣ በየትኛውም ቤት ምርመራ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ አስቸኳይ የሚሆነው የነበረ ነገር ሲጠፋ ነው። ትናገራቸው የነበሩትን ቃላት የተወች፣ ትስቅላቸው የነበሩ ሰዎችን መመልከት ያቆመች ልጅ አንድ ሳምንትም ቢሆን መቆየት የለባትም። በተቃራኒው ባትናገርም «ጫማሽን አምጪ» ስንላት በእጃችን ሳናሳያት የምታመጣ፣ የምታመለክት፣ የምታስመስል ልጅ ተስፋዋ ሰፊ ነው።

ወደ ኦቲዝም ከመሄዳችን በፊት ግን ጆሮ ይቀድማል። በኦቲዝም ጭንቀት ውስጥ ያለ ቤተሰብ ይህንን ይዘለዋል፤ ዓይኑ በታላቁ ልጅ ላይ ስለተተከለ ትንሿን የሚያየው በእሱ በኩል ብቻ ነው። ስሟ ሲጠራ ዘወር የማትል ልጅ ስሟን ላትሰማውም ትችላለች። «ኧረ ትሰማለች፤ ከበሮ ሲመታ ትደነግጣለች» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። በከፊል የማይሰማ ጆሮ ከበሮውንና የበሩን መዘጋት ሊሰማ፣ በንግግር ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ግን ሊያጣ ይችላል፤ ቃልን ከቃል የሚለዩት ደግሞ እነዚያ ናቸው። በጎንደር ደጋ ብዙ ሕፃናት ጆሯቸው ይመግላል፤ ጉንፋን በተነሣ ቁጥር የሚመለስና «ይተዋታል» የሚባል ነገር ነው። ደጋግሞ የሚመግል ጆሮ ግን ንግግር የሚለመድበትን ወርቃማ ዕድሜ ይበላል። የማጅራት ገትር ሕመም፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ በተወለዱ ሰሞን የታየ ከባድ ቢጫነትም መስማትን ይጎዳሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ደጃፍ የአንገት በላይ ሐኪም ነው። ጆሮዋ ደኅና ሆኖ ከተገኘ አንድ ጥያቄ ተዘጋ፤ ታሞ ከተገኘም ሊታከም የሚችል ነገር ተገኘ። እዚህ ላይ ስለ ምላጭም አንድ ነገር ልበል። «እንጥሏ ወርዶ ነው»፣ «ምላሷ ታስሮ ነው» ተብሎ የሚቆረጡ ሕፃናት አሉ። እንጥል ንግግርን አይዘጋም፤ መቆረጡ ግን ደም ያፈሳል፣ በሽታ ያስገባል። የምላስ ሥር መያያዝም ቢሆን አንዳንድ ፊደላትን ከማጥራት ሊከለክል ይችል ይሆናል እንጂ፣ ሕፃን እንዳታመለክት ወይም የተነገራትን እንዳትረዳ አያደርግም።

ደጋውን በተለይ የሚመለከት ሌላ ምክንያትም አለ፤ ጨው ነው። ከባሕር የራቀና አፈሩ በዝናብ የታጠበ ተራራማ አገር አዮዲን ያጥረዋል፤ በሰሜን ጎንደር አንገት ላይ የምናየው እንቅርት ከዚህ የመጣ ነው። በላይ አርማጭሆ በትምህርት ዕድሜ ላይ ባሉ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናት ከሦስት ልጆች ከአንዱ በላይ እንቅርት እንዳለበት አግኝቷል። እንቅርት በዓይን የሚታየው ክፍል ነው። በዓይን የማይታየው፣ እናት በእርግዝናዋ ወራት አዮዲን በብርቱ ሲያጥራት በማሕፀን ያለው ልጅ አእምሮና ጆሮ የሚጎዳ መሆኑ ነው። አገራችን በዚህ ረገድ ብዙ ወጣ ገባ አይታለች። በአንድ ወቅት አዮዲን ያለው ጨው ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ በቦታው አዮዲን ያልገባበት የአፋር ጨው ተተካ። በ2011 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት አዮዲን መጨመርን ግዴታ ያደረገ ደንብ ወጣ፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁንና በክፍት ጆንያ ፀሐይ ላይ የሚቸረቸር ጨው አዮዲኑን ያጣል፤ ገና ወጡ ሲጣድ የሚጨመርም እንዲሁ። የታሸገውን መግዛት፣ ከድኖ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ለሚቀጥለው እርግዝና የሚደረግ ጥበቃ ነው። ለተወለደችው ልጅ ደግሞ የእንቅርት ዕጢዋ በትክክል መሥራቱን በደም ምርመራ ማወቅ ይቻላል፤ ጉድለት ካለ መድኃኒት አለው። በአንድ ቤት ሁለት ልጆች ንግግር ሲያስቸግራቸው «ሁለተኛም ኦቲዝም መጣ» ብሎ ከመደምደም በፊት ጆሮንና ጨውን መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። አንዳንዱ «ኦቲዝም የፈረንጅ በሽታ ነው፤ በእኛ ዘንድ አልነበረም» ይላል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ አስገራሚ መረጃ ከዚሁ ከጎንደር ምድር የተነሣ ነው። ከወለቃና ከአምቦበር፣ ከሰሜን ተራሮችም ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤላውያን የተመለከተ፣ በ2004 የታተመ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት አለ። በኢትዮጵያ ተወልደው ከሄዱት ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት መካከል በመዝገብ ኦቲዝም ያለበት አንድም አልተገኘም። በእስራኤል ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ከተወለዱት መካከል ግን ተገኘ፤ ቁጥሩ ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ቢሆንም። ይህን «በአገር ቤት የለም» ብሎ ማንበብ ይቻላል። ለእኔ ግን አሳማኝ የሚመስለኝ ሌላው ንባብ ነው። በሱዳን በኩል በእግር የተደረገው ጉዞ ብዙ ጤናማ ሕፃናትን ሳይቀር የቀጠፈ ነበር፤ እገዛ የሚሻ ልጅ በዚያ መንገድ የመትረፍ ዕድሉ ከሁሉም ያነሰ ነው። የተረፈውም በሌላ ስም፣ ድዳ ወይም መንፈስ የያዘው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የዚያው ሕዝብ ልጆች ሐኪም በሚያያቸው አገር ሲወለዱ ኦቲዝም መገኘቱም፣ ሲሆን የቆየው አለመመዝገብ እንጂ አለመኖር እንዳልሆነ ያመለክታል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የዘር ነገር ነው። ኦቲዝም በቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም ከተናገርን የልጆቹን አክስቶችና እኅቶች የሚያገባ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቢደበቅ ይሻላል የሚሉ አሉ። ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ አላቃልለውም። በአዲስ አበባ የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚያስታምሙ 102 ሰዎች ተጠይቀው በ2016 በታተመው ጥናት፣ 45 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራቱ አንዱ በላይ ደግሞ ለመደበቅ እንደሚሞክሩ ተናግረዋል። እነዚህ ሆስፒታል ድረስ የመጡት ናቸው፤ ጭራሹኑ ያልመጡትን አስቧቸው። ነገር ግን ሳይንሱ በዘር ጉዳይ የሚናገረው ሰው ከሚፈራው የተለየ ነው። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በ1943 ኦቲዝምን ከገለጸ በኋላ ለብዙ ዓመታት በምዕራቡ ዓለም ጥፋቱ የእናት ነው፣ ልጇን ስላልወደደች ነው ይባል ነበር። ብዙ እናቶች ያንን ስድብ ተሸክመው ኖሩ። በ1977 ፎልስታይንና ራተር የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ መንትዮችን አጥንተው መንስኤው በአብዛኛው የተፈጥሮ ውርስ መሆኑን ሲያሳዩ ነው ያ ክስ መፍረስ የጀመረው። ስለ ውርስ ማወቅ እናቶችን ነጻ አወጣ። ውርስ ሲባል ደግሞ በአንድ ወገን ደም ውስጥ የተቀመጠ ነውር አይደለም። በሁሉም ቤተሰብ ውስጥ የሚገኙ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ልዩነቶች ሲገጣጠሙ፣ አንዳንዴም በልጁ ላይ ብቻ አዲስ የተፈጠረ ለውጥ ሲኖር የሚመጣ ነው። ከዚህ ሸሽቶ «ንጹሕ ዘር» ፍለጋ የሚሄድ ሙሽራ የሚያገኘው ቤተሰብ የለም። መደበቁስ ማንን ጠቀመ? ታላቁን የደበቀ ቤት ታናሽየዋንም ለምርመራ ማውጣት አይችልም።

በዚያው በአዲስ አበባው ጥናት 40 በመቶዎቹ መንስኤው መንፈስ ነው፣ ከአራቱ አንዱ በላይም የኃጢአት ውጤት ነው ብለዋል። ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናት ከተማ ናትና ጠበልን ሳላነሣ ባልፍ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። ጠበል የሚወስዱትን አልቃወምም፤ ለደከመች እናት ጸሎት ብርታት ነው፤ ከተጠየቁትም ሦስት አራተኛዎቹ በጸሎት እንደሚጽናኑ ተናግረዋል። የምቃወመው ጠበሉ እስኪያልቅ ተብሎ የጆሮ ምርመራው ለዓመት ሲዘገይ፣ ሕፃን ሲታሰር ወይም ሲገረፍ ነው። ኃጢአትን በተመለከተ ካህናት አባቶች ከእኔ የተሻለ መልስ አላቸው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ኃጢአቱ የእሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? የተሰጣቸው መልስ የማንኛቸውም አይደለም የሚል ነው። የነፍስ አባት ወደ ቤት በሚገባበት ቀን ይህንን ለእናትየዋ ቢነግራት፣ ከብዙ ዲስኩር ይልቅ ወገቧን ያቀናዋል።

ሌላም ቤተ ዘመድ የሚሰጠው ምክር አለ፤ «ከወንድሟ ለምዳው ነውና ለይታችሁ ለአያቷ ስጧት» የሚል። ኦቲዝም አይጋባም፣ አይለመድም። ሕፃን የታላቋን ድርጊት ልታስመስል ትችላለች፤ ማስመሰሏ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚህ ምክር ውስጥ አንዲት እውነት ግን አለች። ታላቁ ብዙ እንክብካቤ የሚፈልግ ከሆነ የእናት ጊዜና ጉልበት ወደ እሱ ይሄዳል፤ በቤቱ ለትንሿ የሚነገረው ቃል ያንሳል። መፍትሔው መለየት አይደለም። አያት፣ አክስት፣ የጎረቤት ልጆች ወደ ቤቱ ቢመጡና በየቀኑ ለትንሿ ብቻ የሚሆን ጥቂት ጊዜ ቢኖር፣ እሷም ወንድሟም ያተርፋሉ። ስለ ስልክም እንዲሁ ነው፤ ስልክ ኦቲዝም አያመጣም፤ ነገር ግን ሰው ሊያናግራት በሚገባው ሰዓት ስልክ የያዘች ሕፃን ያንን ሰዓት ታጣዋለች። በውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶቻችሁም ይህን አድርሱልኝ፦ ንግግር የዘገየበትን ልጅ አማርኛ መናገር ማቆም አይጠቅመውም፤ ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ የባሰ እንደማይዘገዩ ጥናቶች አሳይተዋል። ክትባትን የሚፈሩም አሉ። በ2015 በአሜሪካ ከ95 ሺህ በላይ ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት፣ ኦቲዝም ያለበት ታላቅ ባላቸው ሕፃናትም ላይ ሳይቀር የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝምን እንደማይጨምር አረጋግጧል። ኩፍኝ ራሱ ግን ጆሮን ያደነቁራል፣ አእምሮን ይጎዳል።

ከሁሉም ተቃውሞ የከበደኝ የመጨረሻው ነው። «ባወቅንስ ምን እናደርጋለን? በጎንደር ያለው ሐኪም ጥቂት ነው፤ የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገሪቱም ብርቅ ነው፤ ከጃናሞራ ወይም ከዳባት የሚመጣ ሰው መንገድ ሲዘጋበት ወር ይቀመጣል። ስም ማውጣት ሐዘን መጨመር አይሆንም?» ይላሉ። የንግግሬ ዋና ሐሳብ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ለዘገየ ንግግር መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ኦቲዝም ሆነም አልሆነ አንድ ነው፤ ሠሪውም በብዛት ወላጅ ነው። በሕንድ ጎዋና በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ኦቲዝም ላለባቸው 65 ልጆች የተደረገና በ2016 የታተመ ሙከራ፣ ልዩ ባለሙያ ያልሆኑ የጤና ሠራተኞች ወላጆችን በየሁለት ሳምንቱ ሲያሠለጥኑ፣ ልጆቹ በራሳቸው ተነሣሽነት ከወላጅ ጋር መግባባት እንደጨመሩ አሳይቷል። በአውስትራሊያ በ2021 የወጣው ሙከራ ደግሞ ገና ዓመት አካባቢ ላይ ሳሉ የኦቲዝም ምልክት ያሳዩ 103 ሕፃናትን ይመለከታል። ወላጆቻቸው የሕፃኑን ምልክት ማንበብና መመለስ ከተማሩት መካከል በሦስት ዓመታቸው ኦቲዝም የተባሉት ወደ 7 በመቶ፣ የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት ግን 20 በመቶ ገደማ ሆኑ። አንድ ሙከራ ብቻ ነውና ከሚገባው በላይ ልንጭንበት አይገባም፤ ቀድሞ መጀመር ከንቱ እንዳልሆነ ለመናገር ግን ይበቃል። ሥልጠናው ምስጢር የለውም። ከሕፃኗ ፊት ለፊት መሬት ላይ መቀመጥ፤ እኛ የምንፈልገውን ሳይሆን እሷ የያዘችውን መከተል፤ ስኒ ከያዘች «ስኒ» ማለት፣ ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ፤ በዓይኗም ሆነ በእጇ ለሰጠችው መልስ ሁሉ መመለስ። ሁሉን ነገር ከመጠየቋ በፊት ከመስጠት ይልቅ እንድትጠይቅ ዕድል መስጠት። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ሥልጠና በዚህ መንፈስ የተሠራ ሲሆን በኢትዮጵያም ለባህላችን ተስተካክሎ ተሞክሯል።

ይህ አገር ሐኪም እስኪበቃው ጠብቆ የሚያውቅም አይደለም። በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲጨርስ በአካባቢው ሐኪም አልነበረም ማለት ይቻላል። መልስ ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሐኪም አላመረተም፤ ወደ ገጠር የሚወጡ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በቡድን አሠለጠነ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተወለደው ከዚያ ነው። የአካል ጉዳተኞችን በቤታቸው የሚያግዘው የማኅበረሰብ ተሃድሶ መርሐ ግብሩም የዚያው አስተሳሰብ ልጅ ነው። በአዲስ አበባም የመንገዱ መጀመሪያ ሐኪም አልነበረም፤ ኦቲዝም ያለበት ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ያጣችው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርታ የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፤ በ2021 እስካረፈች ድረስም ሌሎች ወላጆች ልጆቻቸውን በአደባባይ ይዘው እንዲወጡ አደፋፈረች።

ስለዚህ ለጎንደርና ለሰሜን ጎንደር የጤና ኃላፊዎች አንድ ነገር አቀርባለሁ፤ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ከ2019 ጀምሮ በአገራችን ሕፃናት ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት በ15 ወራቸው ይወስዳሉ። ያ ዕድሜ ማመልከትና የመጀመሪያዎቹ ቃላት መታየት የሚገባቸው ጊዜ ነው፤ እናትም ልጇን ይዛ በጤና ኬላው ተገኝታለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መርፌውን ከሰጠች በኋላ ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ በስሟ ስትጠራ ዘወር ትላለች? ያየችውን እንድታዪላት ታመለክታለች? ነበራት የምትዪው ሳቅ ወይም ቃል ጠፍቷል? ኦቲዝምን በተመለከተ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ካልወሰዱት ይልቅ ለልጆቹ የተሻለ አመለካከት እንደነበራቸው በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት አሳይቷልና፣ ከአቅማቸው በላይ አይደለም። አራተኛውን ጥያቄ፣ በቤቱ ኦቲዝም ያለበት ታላቅ አለ ወይ የሚለውን፣ ደግሞ መጠየቅም አያስፈልጋት። በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ያለው የቤተሰብ ፎልደር የአንድን ቤት ሰዎች ሁሉ በአንድ ላይ ይይዛል፤ የታላቁ ልጅ ሁኔታ በዚያ ከተጻፈ፣ ትንሿ ከመወለዷ ጀምሮ ተራዋ የተለየ እንደሆነ ይታወቃል። ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱ ካሳሰበ፣ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ሳይጠበቅ በጤና ጣቢያው በኩል ወደ አንገት በላይ ሐኪምና ወደ ሕፃናት ክፍል ትላክ። እናትየዋም ስትሄድ ልጅቷ ቤቷ ውስጥ ስትጫወት፣ ስትጠራና ስትበላ በስልክ የተቀረጸ ጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ ትያዝ፤ ሕፃን በማታውቀው ክፍል፣ በማታውቀው ሰው ፊት ዝም ትላለችና፣ ሐኪሙ በቤቷ ያለችውን ልጅ ማየት ይኖርበታል።